ሹሙ ወንበሩ ላይ ሳለ

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በአንድ ዓርብ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒውተር ሥርዓት ተዛባ። ቅዳሜ መጋቢት 7 ባንኩ አገልግሎቱን እስኪያቆም ድረስ ሰዎች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ከኤቲኤም ሲያወጡና በስልካቸው ወደ ሌላ ሒሳብ ሲያስተላልፉ አደሩ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ፈጥኖ ተዳረሰና ተማሪዎች በውድቅት ሌሊት ማሽኖቹ ፊት ተሰለፉ። ባንኩ ያለአግባብ ወጣብኝ ያለው 801 ሚሊዮን ብር ያህል ነው። ለመመለስ ቀነ ገደብ ተሰጠ፤ አብዛኛው ተመለሰ። ያልመለሱት ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ግን በአደባባይ ተለጠፈ። ገና ሥራ ያልያዘ ተማሪ መልኩ በባንክ በር ላይ ተለጥፎ አገር አየው።

ዓመት ሳይሞላ፣ በ2017 ዓ.ም.፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይኸው ባንክ እንዲጠናከር የ900 ቢሊዮን ብር የመንግሥት የዕዳ ሰነድ እንዲወጣ ፈቀደ። ባንኩ ለመንግሥት የልማት ድርጅቶች ለዓመታት ያበደረው ገንዘብ አልመለስ ስላለ፣ ዕዳው ወደ መንግሥት፣ ማለትም ወደ ግብር ከፋዩ ዞረ። ይህ ገንዘብ በዚያ ሌሊት ያለአግባብ ከወጣው ከ1,100 ጊዜ በላይ ይበልጣል። በዚህ ዕዳ የማንም ፎቶግራፍ አልተለጠፈም። ይለጠፍ ማለቴ አይደለም፤ ፍርድ ቤት ያልፈረደበትን ሰው በአደባባይ መስቀል በተማሪውም ላይ ትክክል አልነበረም። 900 ቢሊዮኑ ተሰርቋል ማለቴም አይደለም፤ ከዚያ ውስጥ ብዙው ዛሬ ግድብ፣ የኤሌክትሪክ መስመርና የባቡር ሐዲድ ሆኖ ቆሟል። ነገር ግን የቱ ልማት እንደሆነ፣ የቱ የተሳሳተ ውሳኔ እንደሆነ፣ የቱ ዘረፋ እንደሆነ ለይቶ የነገረን የለም። ይህን የመለየት ሥራ አንድ ስም አለው፤ የምርመራ ጋዜጠኝነት ይባላል። ዛሬ በዚህ መድረክ የማቀርብላችሁ ክርክር አንድ ነው፤ በአገራችን የባንክና የሥልጣን ሙስና የሚነገረን ሹሙ ከወረደ በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ የሚነገረን ደግሞ ገንዘባችንን አያድንም፣ እውነቱንም በሙሉ አይዝም።

ማስረጃዬን ከ1989 ዓ.ም. ልጀምር። በዚያ ዓመት ጥቅምት ወር ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ታምራት ላይኔ ከሥልጣን ተነሱ። በሙስና ተከሰው በ1992 ዓ.ም. 18 ዓመት ተፈረደባቸው፤ በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ተፈቱ። ምክትል ከመሆናቸው በፊት የሽግግር መንግሥቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። የአገሪቱ ሁለተኛ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ክስ ሲቀርብ ሕዝቡ የሰማው ከሳሹ ራሱ መንግሥት በቀጠረው ቀንና በመረጠው ቃል ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ጉዳዩን ከሰነድ ተነሥቶ የጠየቀ ሳይኖር፣ ሰውየው በወደቁ ማግስት ሁሉም አዋቂ ሆነ።

በ1993 ዓ.ም. የሆነው የበለጠ ያስተምራል። ሥልጣን ላይ የነበረው ሕወሓት ለሁለት በተሰነጠቀ በጥቂት ወራት ውስጥ በተሸናፊው ወገን የነበሩት የቀድሞው መከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ ከወንድሞቻቸው ጋር ታሰሩ። ክሱ ከባንክ ብድርና የመንግሥት ድርጅቶችን ወደ ግል ከማዛወር ጋር የተያያዘ ነበር፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ኃላፊዎችም ተያዙ። የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን የተቋቋመው በዚያው ዓመት ነው። ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ ለስዬ ዋስትና ሲፈቅዱ ተከሳሹ ከፍርድ ቤቱ ሳይርቁ እንደገና ተያዙ፤ ምክር ቤቱም በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ የሚከለክል ሕግ በጥድፊያ አወጣ። አንድ የባንክ ብድር በአንድ ቀን እንደማይሰጥ አስቡ። ማመልከቻ አለው፣ የመያዣ ግምት አለው፣ የብድር ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ አለው፣ ሲበላሽ ደግሞ የማራዘሚያ ደብዳቤ አለው። እነዚያ ወረቀቶች ክፍፍሉ ከመፈጠሩ ከዓመታት በፊት በመዝገብ ቤት ተቀምጠው ነበር። ክፍፍሉ ባይፈጠር ኖሮ ማን ያወጣቸው ነበር? ብድሩ ንጹሕ ቢሆን ተከሳሾቹ በፖለቲካ ተበድለዋል፤ ቆሻሻ ቢሆን ቆጣቢው ለዓመታት ተበድሏል። ከሁለቱ የቱ እንደሆነ አገሩ እስከ ዛሬ አንድ ልብ ሆኖ መናገር አልቻለም፤ ምክንያቱም ነገሩን ከክሱ በፊት በገለልተኝነት የመረመረ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ያው ነው። ግንቦት 2005 ዓ.ም. የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር መላኩ ፈንታና ምክትላቸው ታሰሩ፤ በግንቦት 2010 ዓ.ም. ክሱ ተቋረጠ። ኅዳር 3 ቀን 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ብርሃኑ ፀጋዬ የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ሜቴክ፣ 37 ቢሊዮን ብር ያህል የውጭ ግዥ ያለ ጨረታ መፈጸሙን ገለጹ። ዋና ዳይሬክተር የነበሩት ሜጀር ጄኔራል ክንፈ ዳኘው በካቴና ታስረው በቴሌቪዥን ታዩ፤ ፍርድ ቤት ምስክር ሳይሰማ ዘጋቢ ፊልሞች ተላለፉ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ተከሳሽ ጥፋተኛ እስኪባል ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት አለው ይላል፤ በዚያ ሳምንት ግን ይህን ያስታወሰ ጥቂት ነው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ያን ጊዜ በየጣቢያው የተሰማው የምሳር ድምፅ ነበር። ይሁንና ሜቴክ በ2002 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ አሥር ስኳር ፋብሪካዎችን፣ የያዩን ማዳበሪያ ፋብሪካ፣ የታላቁን ህዳሴ ግድብ የብረታ ብረትና የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራ ሲረከብ አገር ያውቅ ነበር። ሥራው መጓተቱ በምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴዎች ፊት ጭምር ተነሥቷል። ገንዘቡ በብዛት የመጣው ከንግድ ባንክ ነው። ባንኩ ያልተሠራን ሥራ እየተመለከተ ብድሩን ለምን መልቀቅ ቀጠለ? ይህን ጥያቄ በ2006 ዓ.ም. ወይም በ2008 ዓ.ም. አጥብቆ የሚጠይቅ ጋዜጣ ቢኖር፣ ዛሬ ከሚከፈለው ዕዳ ጥቂቱ እንኳ በቀረ ነበር።

ጋዜጠኞቹ ሰነፎች ስለነበሩ ነው እንዳይባል የዘመኑን ሁኔታ ማስታወስ ግዴታ ነው። የሪፖርተር ጋዜጣ መሥራች አማረ አረጋዊ በነሐሴ 2000 ዓ.ም. ስለ ዳሸን ቢራ ፋብሪካና ሠራተኞቹ ውዝግብ በታተመ ዘገባ የተነሣ ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር ተወስደው ታሰሩ። ጥቅምት 21 ቀን 2001 ዓ.ም. ደግሞ በልጃቸው ትምህርት ቤት አካባቢ ተደብድበው ራሳቸውን ስተው ወደቁ፤ ጋዜጣው በዚያ ሰሞን ስለ ትልልቅ የግል ኢንቨስትመንቶች አመራር ዘገባዎችን እያወጣ ነበር። ቀጥሎ የፀረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652/2001 መጣ። ርዕዮት ዓለሙ፣ ውብሸት ታዬ፣ እስክንድር ነጋ በዚሁ አዋጅ ተከሰው ዓመታት በእስር አሳለፉ። አንድ ጋዜጠኛ ስለ አንድ ብድር ሲጠይቅ ሽብርተኛ ሊባል እንደሚችል ካወቀ፣ ጥያቄውን የሚያስቀምጠው ሹሙ እስኪወርድ ነው። ስለዚህ ዝምታው የግል ድክመት ብቻ አልነበረም፤ በሕግ የታጠረ ዝምታ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም ስም ማጥፋት በፍትሐ ብሔር እንዲታይ ማድረጉ እርምጃ ነበር፤ በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. የተደረገው ማሻሻያ ደግሞ የተቆጣጣሪውን ባለሥልጣን እጅ መልሶ አጠንክሯል።

በዚያው በእኛ 1993 ዓ.ም. በሌላ አፍሪካዊ አገር የሆነውን ልንገራችሁ። ሞዛምቢክ የመንግሥት ባንኮቿን ወደ ግል ስታዛውር፣ በ1988 ዓ.ም. ከንግድ ባንኳ 14 ሚሊዮን ዶላር ያህል በተቀነባበረ ማጭበርበር ወጣ። መዝገቡ በዐቃቤ ሕግ ቢሮ ውስጥ ይንከባለል ጀመር። ካርሎስ ካርዶሶ የተባለ ጋዜጠኛ ሜቲካል የምትባል፣ በፋክስ የምትሰራጭ ትንሽ ጋዜጣ ነበረችው፤ በእሷ ላይ ስሞቹን እየጠራ፣ መዝገቡ የት እንደደረሰ እየጠየቀ በየጊዜው ጻፈ። የጠየቀው ባለሥልጣናቱ ወንበራቸው ላይ፣ ነጋዴዎቹም በመደብራቸው ሳሉ ነው። ኅዳር 13 ቀን 1993 ዓ.ም. በማፑቶ መንገድ ላይ በመኪናው ውስጥ እንዳለ ተኩሰው ገደሉት። በነሐሴ ወር ደግሞ ሌላ ባንክን ከውድቀት ለማውጣት በጊዜያዊነት የተሾመው አንቶኒዮ ሲባሲባ ማኩአኩዋ፣ ብድራቸውን ያልከፈሉ ሰዎችን ስም ዝርዝር በጋዜጣ ካሳተመ በኋላ፣ በባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት በደረጃው ክፍተት ወደ ታች ተወርውሮ ሞተ። ዋጋው ይህን ያህል ከባድ ነው፤ አቃልዬ አላልፈውም። የካርዶሶ ባልደረቦችና የማፑቶ ነዋሪዎች ግን መዝገቡ እንዲዘጋ አልፈቀዱም። የግድያው ችሎት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ለሕዝብ ተላለፈ፤ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ልጅ ስም በችሎቱ ሲነሣ አባቱ ገና ሥልጣን ላይ ነበሩ፤ በ1995 ዓ.ም. ስድስት ሰዎች ተፈረደባቸው። በእኛ 1993 ገዢው ቡድን የተሸናፊውን መዝገብ ከፈተ፤ በእነሱ 1993 አንድ ጋዜጣ የአሸናፊዎቹን መዝገብ አስከፈተ። የሁለቱ ልዩነት የዛሬው ንግግሬ እምብርት ነው።

አሁን ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ጉለሌ ክፍለ ከተማ ልመለስና ነገሩ የሽሮ ሜዳን ሸማ ነጋዴ፣ የአዲሱ ገበያን ባለሱቅ፣ የቀጨኔን ሸክላ ሠሪ እንዴት እንደሚነካ ላሳያችሁ። በ2003 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ማንኛውም የግል ባንክ ከሚሰጠው ብድር 27 በመቶ ያህሉን የብሔራዊ ባንክ ቢል እንዲገዛበት አዘዘ። ገንዘቡ ለአምስት ዓመት ይያዝ ነበር፤ ወለዱ መጀመሪያ 3 በመቶ ነበር። በዚያ ጊዜ ባንኮች ለቆጣቢ የሚከፍሉት ዝቅተኛ ወለድ 5 በመቶ ነበር። መመሪያው እስከ ኅዳር 2012 ዓ.ም. ጸንቶ ቆየ። የተሰበሰበው ገንዘብ ደግሞ የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ዋነኛ ምንጭ ሆነ። እንግዲህ ሽሮ ሜዳ በሚገኝ የግል ባንክ ቅርንጫፍ ነጠላ ሸጣ ያስቀመጠች ሴት፣ ሳታውቀው የልማት ባንክ አበዳሪ ሆነች ማለት ነው። ልማት ባንክ ያን ገንዘብ የት አደረሰው? ከፊሉ በጋምቤላ በዝናብ ለሚለሙ ሰፋፊ እርሻዎች ተሰጠ። በጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ዘመን የተካሄደ የመንግሥት ጥናት ከ600 በላይ ባለሀብቶች መሬት መውሰዳቸውን፣ አንዱ መሬት ለሁለት ሰው የተሰጠበት ቦታ በርካታ መሆኑን፣ የለማው መሬት ከተወሰደው ጥቂት መሆኑን ገለጠ። በአንድ መሬት ሁለት ካርታ ካለ፣ በአንድ መሬት ሁለት ብድር ሊወጣ ይችላል። ከፊሉም በዓለም ገና እንደተተከለው እንደ ቱርኩ አይካ አዲስ ላሉ ትልልቅ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ተሰጠ፤ አይካ ዕዳውን መክፈል ሲያቅተው ባንኩ ተረከበው። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የልማት ባንኩ የተበላሸ ብድር ከጠቅላላው ወደ 40 በመቶ ደርሶ ነበር። ንግድ ባንኮች እንዳያልፉት የተቀመጠላቸው ጣሪያ 5 በመቶ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሌባ ብቻ ነው ያለው አልልም፤ የውጭ ምንዛሪ እጥረት፣ የጥጥ እጦት፣ የልምድ ማነስ የጣሉት ፋብሪካ አለ። ያችን ነጠላ ሻጭ ግን የገንዘቧን መንገድ እስከ መጨረሻው ተከትሎ ያሳያት የለም።

መንገዱን መከተል ደግሞ ምሥጢራዊ ጥበብ አይጠይቅም። ባንክ የሚዘረፍባቸው ዘዴዎች ጥቂቶችና የታወቁ ናቸው። ሁለት ሚሊዮን የሚያወጣ ቤት በመያዣነት ሃያ ሚሊዮን ይገመታል። የሌለ ማሽን ከውጭ እንደተገዛ ተደርጎ ዋጋው ይጋነናል፤ ትርፉ በውጭ አገር ይቀራል። አንድ ሰው በአምስት ኩባንያ ስም ይበደራል፤ የኩባንያዎቹ ባለድርሻ ሚስት፣ የወንድም ልጅ፣ ሾፌር ይሆናሉ። የተበላሸው ብድር በአዲስ ብድር እየተከፈለ በወረቀት ጤነኛ ይመስላል። እያንዳንዱ ዘዴ ከባንኩ ውጭ ዱካ ይተዋል። የኩባንያው መመሥረቻ ጽሑፍ በመንግሥት መዝገብ አለ፤ የቤቱ ካርታ በክፍለ ከተማው የይዞታ ጽሕፈት ቤት አለ፤ የማሽኑ ዲክላራሲዮን በጉምሩክ አለ። ከሁሉም ይልቅ በየሳምንቱ በፊታችን የሚወጣ፣ ማንም ከጨረታ ተጫራች በቀር ልብ የማይለው አንድ ምንጭ አለ፤ የሐራጅ ማስታወቂያ። ባንኮች በመያዣ የያዙትን ንብረት ያለ ፍርድ ቤት እንዲሸጡ በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ከፈቀደላቸው ወዲህ ማስታወቂያው በጋዜጣ ይወጣል። የተበዳሪው ስም፣ የንብረት አስያዡ ስም፣ ቤቱ ያለበት ክፍለ ከተማና ወረዳ፣ የካርታ ቁጥሩ፣ የጨረታው መነሻ ዋጋ ሁሉ ይጻፍበታል። አንድ ዝግጅት ክፍል የአምስት ዓመት የሐራጅ ማስታወቂያ በሰንጠረዥ ቢያስገባ፣ የትኛው ንብረት አስያዥ ስንት ኩባንያ ውስጥ እንዳለ፣ ማን ሳይሸጥበት ማስታወቂያው ደጋግሞ እንደሚሰረዝ ያያል። ተደጋግሞ የሚሰረዘው ሐራጅ ከሁሉ በላይ ያጓጓኛል፤ ስልክ የደወለ ሰው እንዳለ ይጠቁማልና። ጥቆማ ማስረጃ አይደለም፤ ወደ ማስረጃ የሚወስድ በር ነው። ጋዜጠኛው በዚያ በር ገብቶ ተበዳሪውንም ባንኩንም መጠየቅ፣ መልሳቸውን በሙሉ ማተም ይኖርበታል።

ይህን ሐሳብ የሚቃወሙ ሰዎች የሚያነሡት የመጀመሪያው ነገር ፍርሃት ነው። ባንክ በእምነት ይቆማል፤ ጋዜጣ ስለ ባንክ ክፉ ቢጽፍ ቆጣቢው ተሯሩጦ ገንዘቡን ያወጣል፣ ደኅናው ባንክ ሳይቀር ይወድቃል ይላሉ። የባንክ ሥራ አዋጁም ባንኩ የደንበኛውን ምስጢር እንዲጠብቅ ያዛል። ይህ ቁም ነገር ያለው ስጋት ነው። የአንዲት ተራ ቆጣቢ ሒሳብ ምስጢር ሆኖ መቅረት አለበት፤ ጋዜጣ ምን አስቀመጠች ብሎ ሊጠይቅ አይገባም። እኔ የምለው ግን ስለ ትልልቅ ተበዳሪዎች፣ ስለ ቦርድ አባላትና ስለ መንግሥት ባንኮች ነው፤ በሌላ ሰው ገንዘብ የሚያዝ ሰው የዚያን ያህል መጋረጃ አይገባውም። ዝምታ ባንክን ያድናል የሚለውን ደግሞ የጀርመን ታሪክ ያፈርሰዋል። ዋየርካርድ የተባለውን የክፍያ ኩባንያ የፋይናንሻል ታይምሱ ዳን ማክረም ለዓመታት መርምሮ ሒሳቡ ሐሰት መሆኑን ሲጽፍ፣ የአገሪቱ የፋይናንስ ተቆጣጣሪ በጋዜጠኞቹ ላይ የወንጀል አቤቱታ አቀረበ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ኩባንያው 1.9 ቢሊዮን ዩሮ ምናልባት ጭራሹን እንዳልነበረ አምኖ ከሰረ። ተቆጣጣሪው በመጀመሪያው ዓመት ጋዜጣውን ቢሰማ ኖሮ የጉዳቱ መጠን ያነሰ ነበር። እኛም ዘንድ ለቆጣቢው አንድ መጠለያ ተሠርቷል፤ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ እስከ 100,000 ብር ያለውን ተቀማጭ ይሸፍናል። ስለዚህ ትንሿ ቆጣቢ ስለ ባንኳ እውነት ስትሰማ እንድትደናገጥ የሚያደርጋት ምክንያት ከድሮው ቀንሷል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ለዚህ ሥራ ተቋማት አሉ፣ ጋዜጠኛ ለምን ይገባበታል የሚል ነው። ዋና ኦዲተር አለ፣ ብሔራዊ ባንክ አለ፣ ፀረ ሙስና ኮሚሽን አለ፣ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሰባት አባላት ያሉት ብሔራዊ ኮሚቴ አቋቁመዋል። ተቋማቱ አስፈላጊ ናቸው፤ በተለይ ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ለምክር ቤቱ የሚያቀርበው ሪፖርት ለጋዜጠኛ ወርቅ ነው። ሆኖም በ2000 ዓ.ም. የሆነውን አስታውሱ። ከብሔራዊ ባንክ ወደ ደቡብ አፍሪካ የተላከው ወርቅ በወርቅ የተለበጠ ብረት ሆኖ ተገኝቶ ተመለሰ። ያ ብረት በመርማሪዎች እጅ አልፎ፣ ወርቅ ነው የሚል ማረጋገጫ አግኝቶ፣ በባንኩ ግምጃ ቤት ተቀምጦ ነበር። በቁጥጥር ሰንሰለቱ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ሰው ከእሱ በፊት ያለውን ፊርማ አምኗል፤ ሐሰቱን ያወጣው ከሰንሰለቱ ውጭ ያለ ገዢ ነው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ከ25,000 በላይ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ዕጣ ወጥቶ በሥርዓቱ ውስጥ በተደረገ ማጭበርበር ሲሰረዝም ያው ታይቷል፤ ብቁ ያልሆኑ ሰዎች መዝገብ ውስጥ ሲገቡ ቁጥጥሩ በቦታው ነበር። የጋዜጠኛ ጥቅሙ ከሰንሰለቱ ውጭ መሆኑ ነው። አለቃው ስልክ ደውሎ ተወው ሊለው አይችልም፤ ወይም ሊችል አይገባም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብደኛል። የእኛ ጋዜጠኞች ራሳቸው ንጹሕ ናቸው ወይ? አንዱ ዘገባ አትመዋለሁ እያለ ገንዘብ ቢቀበልበት፣ ሌላው የራሱን ብሔር ሌባ እየሸፈነ የሌላውን ብሔር ሌባ ቢያጋልጥስ? ይህ የተፈጠረ ስጋት አይደለም። የጋምቤላው ጥናት ይፋ ሲሆን ክርክሩ ከብድሩ አሰጣጥ ወጥቶ ወደ ተበዳሪዎቹ ብሔር ሄደ፤ ከዚያ በኋላ የማን ፊርማ ብድሩን እንዳጸደቀ የሚጠይቅ ጠፋ። የብሔር ወሬ ሰነድ የሌለበትን ባዶ ቦታ ይሞላል፤ ሰነድ ሲወጣ ግን ይጠባል። የብድር ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ላይ አምስት ፊርማ ካለ፣ አምስቱ ሰዎች ናቸው ተጠያቂዎቹ፤ የአምስቱ ዘመድ ወይም ቋንቋ ተናጋሪ የሆነ ሌላ ሰው አይደለም። በጉቦ የሚጻፍን ዘገባ በተመለከተ ደግሞ መድኃኒቱ ዘገባው በሰነድ እንዲቆም መጠየቅ ነው፤ ሰነዱን ሌላ ጋዜጣ ሊያየው፣ የተከሰሰው ሰው ሊከራከርበት፣ ዳኛ ሊመዝነው ይችላል። ሹሙ ከወረደ በኋላ የሚሠራ ዘጋቢ ፊልም ይህ ሚዛን የለውም፤ የሚከራከረው ሰው እስር ቤት ነው።

ከባንኩ ውስጥ ሰነዱን የሚያወጣው ሰው ነገር ይቀራል። በኬንያ የጎልደንበርግን ቅሌት ያወጣው ዴቪድ ሙንያኬይ የማዕከላዊ ባንኩ ጸሐፊ ነበር፤ ለሌለ ወርቅና አልማዝ ኤክስፖርት የሚከፈለው ማበረታቻ አላስችል ብሎት ወረቀቱን አሳልፎ ሰጠ። ሥራውን አጣ፣ በድህነት ኖረ፣ በ1998 ዓ.ም. ሞተ። እኛ ዘንድ በ2003 ዓ.ም. የወጣው የምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699 አለ፤ ጥበቃው ግን ለሕግ አስከባሪ አካል ለሚጠቁም ሰው የታሰበ ነው። ለሕግ አስከባሪው ነግሮ መልስ ያጣ የባንክ ሠራተኛ ቀጥሎ የሚሄድበት በር በሕግ ሊከፈትለት ይገባል። ሕጉ እስኪሻሻል ድረስ ግን አዘጋጁ የሰውየውን ስም ከራሱ ባለቤት እንኳ መደበቅን መማር አለበት፤ ሰነድ ሲያትምም የትኛው ቅርንጫፍ፣ የትኛው ሰዓት፣ የማን የእጅ ጽሑፍ እንደሆነ የሚጠቁመውን ምልክት ሁሉ ማጥፋት ይኖርበታል። የባንክ ሠራተኛ ልጆች አሉት፤ ደመወዙን የሚያሳጣ ግዴለሽነት ከጉቦኛው ባለሥልጣን ጥፋት የሚያንስ አይመስለኝም።

ወረቀት ለመጠየቅ ደግሞ ጋዜጠኛ መሆን ግድ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብትን ለማንኛውም ሰው ይሰጣል፤ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት፣ ከከለከለ ምክንያቱን መግለጽ አለበት፣ ጠያቂው ካልረካ ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይሄዳል። የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668/2002 የሹማምንት የተመዘገበ ሀብት ለሕዝብ ክፍት ነው ይላል። ልማት ባንክ የሕዝብ ነው፤ ንግድ ባንክ የሕዝብ ነው። ከጉለሌ አሥር ሰው አሥር ማመልከቻ ይጻፍ፤ ከብሔራዊ ባንክ ቢል የተገኘው ገንዘብ በየዓመቱ ለየትኛው ዘርፍ እንደተሰጠ፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱ እንደተሰረዘ፣ የተሰረዘውን ያጸደቀው የትኛው ቦርድ እንደነበረ ይጠይቅ። የሚመጣውን መልስ፣ ክልከላ ቢሆን እንኳ፣ ለጋዜጦቹ ዝግጅት ክፍሎች ይስጥ። በየመሥሪያ ቤቱ የተሾሙት ኃላፊዎች ዛሬ ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ ማመልከቻውም የሚጻፈው በእነሱ ስም ነው።